በክረምት የተሠራ ክንፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኮሌጁ ብርድ ልብስ ሸለመኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ብርድ ልብስ አይናቅም። ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሠራን አናጢ ብርድ ልብስ መሸለም «በል እንግዲህ ተኛ» ማለት ነው ብዬ ለባለቤቴ ባጉረመርም፣ «አንተ ደግሞ የምትተኛ ይመስል» አለችኝ። ታውቀኛለች። በማግስቱ ጠዋት ቱታዬን ለብሼ ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለው አሮጌ የእንጨት ሥራ ክፍል ሄድኩ። ዘበኛው «መምህር ይርጋ፣ ትናንት ሸኝተንዎት አልነበረም እንዴ?» እያለ በሩን ከፈተልኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ክፍል ውስጥ ስለተሠራው የመጨረሻ ሥራዬ ነው። አንድ የጦር አውሮፕላን ሠራን። ሰው አይሳፈርበትም፤ ከመሬት ሆነው በራዲዮ የሚነዱት ሞዴል ነው። መጫወቻ ነው ለሚለኝ ሰው ግን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር እንደነበረና ወደ ሜዳው የሄደው በአይሱዙ ተጭኖ እንደሆነ እነግረዋለሁ። ቲ-ሃያ ስምንት የሚባል፣ አፍንጫው ክብ የሆነ የድሮ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አለ፤ የእርሱን ሩብ አድርገን ነው የሠራነው። ያሠሩን ጋሽ ባዬ ናቸው። እርሳቸው ጋ ለመድረስ ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

መጀመሪያ የተመደብኩት መርጡለ ማርያም ነበር። የእንጨት ሥራ መምህር ተብዬ ስደርስ ትምህርት ቤቱ አንድ መጋዝ እንኳ የለውም። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ «ዕቃው እስኪመጣ በቃል አስተምር» አሉኝ። ዕቃው ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። እኔም መላጊያና መሮ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተማርኩ። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ዛሬ ቀበቶው የማይደርስለት ትልቅ ሰው ሆኖ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «መምህር፣ መላጊያ መሣል እስካሁን አልጠፋኝም» ይለኛል።

ቀጥሎ ወደ ቁይ ተዛወርኩ። እዚያ ዕቃው ነበረ። አለቃዬ ግን የሚያውቁኝ በዴስክ ጠጋኝነት ነው፤ ዴስክ በተሰበረ ቁጥር ከክፍል ያስጠሩኛል። አንድ ሐምሌ ለቢሯቸው በር ሠራሁላቸው። ያማረ በር ነበር። ጥር ሲገባ ግን እንጨቱ ደርቆ ተኮማተረና በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የሚያሾልክ ክፍተት መጣ፤ ተማሪዎች በተራ እየመጡ ያጮልቁባቸው ጀመር። እርሳቸው ተቆጡ። እኔ ግን ከማሠልጠኛ ያላገኘሁትን ትምህርት ያን ጊዜ አገኘሁ። እንጨት ተቆርጦም ውኃ ይጠጣል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይከሳል። ይህን ነገር ከዚያ በኋላ ላስተማርኳቸው ልጆች ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት እግዜር ይወቀው።

ስለ ደመወዝና ስለ ደረጃ ዕድገት አልጽፍም፤ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስተኛው ምድቤ ደብረ ማርቆስ ሆነ፤ እዚያው ሸመገልኩ። ስደርስ የወርክሾፑ ኃላፊ ጋሽ ባዬ ነበሩ።

ጋሽ ባዬ የሮብ ገበያ አካባቢ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ተቀጥረው ብዙ ዓመት የጦር አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረዋል። ያ ዘመን ሲያልፍ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ሻንጣ መፍቻ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱና ኮሌጁ ተቀበላቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ ስለሚል ተማሪው ሁሉ ጆሮውን አቅንቶ ነበር የሚሰማቸው።

የወርክሾፑ ግድግዳ ላይ አንድ ሰፊ ሳንቃ ሰቅለው የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ሥለውበታል። ሥራ ሲያበቃ ሁሉም መሣሪያ ቅርጹ ላይ ካልተሰቀለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። አንድ ቀን አንዲት ቀጭን መሮ ጠፋች። ተማሪው ሁሉ ተንበርክኮ የመጋዝ ብናኝ ሲያበጥር አመሸ። እኔ አዲስ ነበርኩና ንዴቴ መጣ።

«ጋሼ፣ አንዲት መሮ እኮ ናት» አልኳቸው።

«እዚህ መሮ ናት» አሉኝ። «እኔ በነበርኩበት ግን ሞተር ውስጥ የተረሳ መፍቻ ሰው ያወርዳል። ፈልግ።»

መሮዋ የተገኘችው በእኔው ጋዋን ኪስ ውስጥ ነው። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። በማግስቱ ግን ጋዋኔን ስለብስ ኪሱ ተሰፍቶ አገኘሁት፤ ማን እንደሰፋው አልጠየቅሁም።

«አለቀ» የሚለውን ቃል አይወዱም። ጠረጴዛ ሠርተን «አለቀ ጋሼ» ስንላቸው፣ «ሰው በልቶበታል?» ይላሉ። አልጋ ከሆነ «ሰው ተኝቶበታል?» ነው። ሥራን ሲመረምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ይጎትቱበታል። ዓይን ደላላ ነው፤ ሻጩንም ገዥውንም ያታልላል ባይ ናቸው። እኔ ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከዚያች ጥፍር ኋላ ኋላ እየሄድኩ ነው ብል አልዋሸሁም።

አንድ ጠባያቸው ግን ግራ ያጋባኝ ነበር። ሰው ሲሸኙ ጀርባቸውን ይሰጣሉ። የገዛ ልጃቸው ወይንሸት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ መናኸሪያ አብረን ሸኘናት። ስመው መርቀው አስገቧትና አውቶቡሱ ገና ሳይንቀሳቀስ ዞረው ወደ ግንቡ መመልከት ጀመሩ። ልጅቷ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ የመለስኩላት እኔ ነኝ። ልበ ደረቅ ሰው ናቸው ብዬ ፈረድኩባቸው።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ዝናብ ይዞን ወርክሾፑ ውስጥ ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ ራሳቸው ጀመሩት። በጦርነቱ ጊዜ በእርሳቸው ኃላፊነት ሥር የነበረ አንድ አውሮፕላን ነበር። ጠዋት መርምረው፣ ነዳጁን አይተው፣ ወጣቱን አብራሪ በገዛ እጃቸው በቀበቶ አስረው፣ መሰላሉን አነሡለት። አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያቸው፤ እርሳቸውም አሳዩት። እስኪሰወር ድረስ ቆመው አዩት። አልተመለሰም።

«ከጎማው ሥር ያወጣሁትን ታኮ እንደያዝኩ ሜዳው ላይ ጨለመብኝ» አሉኝ። «ጠላት ይምታው፣ ሞተሩ ይክዳው፣ እኔ ያላጠበቅሁት ብሎን ይኑር፣ እስከዛሬ አላውቅም። ስባሪው እንኳ አልተገኘም። ቢገኝ እኮ አየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሄድ አላይም።»

ከዚያ ቀን በኋላ መናኸሪያ አብረን ከሄድን እኔም ከጎናቸው ዞሬ ግንቡን አያለሁ።

እንግዲህ ጡረታ በወጣሁ ማግስት ወርክሾፑ ስገባ ጋሽ ባዬ ከዘራቸውን ተደግፈው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። እርሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን ጠዋት ጠዋት መምጣት አልተዉም። ልባቸው ታሞ ሐኪሙ ከትልቅ ሆስፒታል አይራቁ ብሏቸዋል። ወይንሸትም ከኅዳር ሚካኤል በኋላ አዲስ አበባ ወስዳ እርሷ ዘንድ ልታኖራቸው ቆርጣለች። ይህን አውቃለሁ፤ ላነሣው ግን አልፈለግሁም።

«ይርጋ፣ አሁን እንግዲህ የሚያዝህ አለቃ የለም አይደል?» አሉኝ።

«ባለቤቴ አለች እንጂ።»

«እርሷን እኔ እለምናታለሁ። አንድ አውሮፕላን ሥራልኝ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። «ለምንዎ ጋሼ?»

«ይሄዳል፣ ይመለሳል። መመለሱን አይቼ መሄድ ነው የምፈልግ።»

አልቀለዱም። እኔም ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

የሰው ነገር እንዲህ ሆነ። ትዕግሥት የምትባል የኤሌክትሮኒክስ መምህርት አለች፤ በኮሌጁ ታናሿ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች። ትናንሽ ሞዴሎችን በራዲዮ ማብረር ስለምትችል በረራው የእርሷ ሆነ። ሥዕሉን ከኢንተርኔት አውጥታ በትልቅ ወረቀት አሳተመችው፤ ጋሽ ባዬ ደግሞ «ይህቺ መዝጊያ እዚህ አልነበረችም» እያሉ በእርሳስ አረሙት። ሌላው ሰይድ ነው፤ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ገበያው መሀል የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ። ራዲዮውን ዱባይ በሚመላለስ ዘመዱ በኩል አስመጣልን። ሞተሩን ከመደብሩ አወጣው፤ ባሕር ዛፍ የሚቆርጡበት የመጋዝ ሞተር ነው። ትዕግሥት በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ሞዴል በመጋዝ ሞተር ማስነሣት የተለመደ ነው ስትለው፣ «እንግዲያስ ዛፍ ካጋጠመው ቆርጦ ያልፋል» አላት።

የፈቃዱን ነገር አሳጥሬ ልለፈው። ቀበሌም ፖሊስም ሄድን፤ ሁሉም መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ተጠራጠሩ፣ በመጨረሻ ፈረሙ።

የደጋ አየር ስስ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ይደክማል፣ ክንፍም የሚደገፍበት ያጣል። ስለዚህ ክብደት ጠላታችን ነበር። ጋሽ ባዬ ከሰይድ መደብር ሚዛን አስመጡና እያንዳንዷን ቁራጭ ሳትለጠፍ መመዘን ጀመርን። የአካሉን አጥንት ከሮብ ገበያ በመጣ ቀርቀሃ ሠራሁት፤ ቀርቀሃ ሲሰነጠቅ ቀላልና ብርቱ ነው። የክንፉን ልባስ ከፈረንጅ ጽድ አወጣሁ፤ ሳንቃውን በመላጊያ እየላግሁ ጋዜጣ የሚነበብበት እስኪመስል አሳሳሁት። ፕሮፔለሩን ከዋንዛ ፈለፈልኩ፤ መሀሉን ሚስማር ላይ ሰክቼ ወደ ከበደበት ሲያዘነብል ያንን ጎን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ እንደገና መስቀል፣ እንደገና ማሸት። በየትኛውም ወገን ሲያቆሙት ባለበት ሲቀር ያን ጊዜ ልክ ነው። አንድ ትንሽ የእንጨት አብራሪም ቀረጽኩና መቀመጫው ላይ አስቀመጥኩ። አንሥቼ ልመዝነው ስል ጋሽ ባዬ «እርሱ ይግባ» አሉ፤ ሳይመዘን ያለፈ ብቸኛው ዕቃ እርሱ ነው።

ቦምቡንና መድፉንም ልቀርጽ ተነሥቼ ነበር፤ ሥዕሉ ላይ አለ። ከለከሉኝ። «ከክንፉ ሥር ባዶ ይሁን። ይህኛው የሚሄደው ሊመለስ ብቻ ነው» አሉ።

አንድ ነገር ግን ሁላችንም እያወቅን አለፍነው። ሥራው የተጀመረው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው። ዝናቡ አያባራም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተጯጩኸን ነው የምንነጋገረው። እንጨቱ በእጅ ሲዳሰስ ቅዝቃዜው ይታወቃል። ጋሽ ባዬ አንድ ቀን ብቻ «ይርጋ፣ ኅዳር ላይ ደርቆ ብንጀምርስ?» አሉ።

«ኅዳር ላይ እርስዎ አዲስ አበባ ነዎት» አልኳቸው።

ቁይ ላይ የሠራሁት በር ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። በር ይጠብቃል፤ ሰው ግን ይሄዳል ብዬ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጋሽ ባዬ ታመው ተኙ። ሰው ሲጠይቃቸው አይናገሩም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት። ክፉ ነገር ጠረጠርኩ። ሳያዩት እንዳያልፉ ብዬ ደነገጥኩ። የግራውን ክንፍ ልባስ ጨርሼ ስለነበር የላይኛውን ፊት ብቻ ቶሎ ብዬ ቀባሁት፤ አረንጓዴና አፈርማ ዥንጉርጉር፣ በእርሳቸው ዘመን እንደነበረው። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሰይድ ዣንጥላ ይዞልኝ፣ ሁለታችን በዝናብ ተሸክመን ቤታቸው ወሰድነው።

አልጋቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደግፈን አቆምነው። ጋሽ ባዬ ቀና ብለው አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ቀለሙን ነኩ። «ይህን ቀለም ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። ሦስት ቆርቆሮ ደባልቄ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ተቀመጡና ሾርባ ጠየቁ።

«ዛሬ እዚህ ይደር» አሉ። እሺ አልኩ። በማግስቱም «ይደር» አሉ። ክንፉ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ከረመ፤ ጋሽ ባዬም ሳምንቱን ሙሉ እያዩት ዳኑ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መስከረም ላይ ወደ ወርክሾፑ መልሰን የታችኛውን ፊት ቀባሁት፣ ክንፎቹን ገጠምን፣ ትዕግሥት ሽቦዎቿን ዘረጋች። ሁለታችን በጣታችን ጫፍ ከክንፉ ሥር አንሥተን ሚዛኑን አየን፤ ጭራው ወደ ታች ስላለ ሰይድ ከመደብሩ የሚዛን ብረቶች አንዷን አመጣና አፍንጫው ውስጥ አሰርናት። «አደራ፣ ገበያተኛ እንዳይሰማ፤ ሚዛን አጎደለ እባላለሁ» ይላል።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር። ከከተማው ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወርዱ አንድ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አለ፤ ዝቅ ስለሚል አየሩ ትንሽ ይወፍራል ብላ የመረጠችው ትዕግሥት ናት። የአገሩ ሰው ተሰበሰበ። አንዲት እናት ቀርበው አዩትና ጋሽ ባዬን «ይሄ ነገር ቦምብ አለው?» አሏቸው።

«የለውም እናቴ። ደርሶ መልስ ብቻ ነው» አሏቸው።

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» ብለው ሄደው ተቀመጡ።

ሞተሩ ተነሣ። ጋሽ ባዬ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጡ። ሜዳው ላይ ተንደረደረ፣ አፍንጫውን አነሣ፣ መሬቱን ለቀቀ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ የዚያን ጊዜ የተሰማኝን መግለጽ አልችልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ዴስክ ስሠራ ኖሬ የሠራሁት እንጨት አየር ላይ ቆመ። እልልታው አሳስቷቸው ነው መሰለኝ ጋሽ ባዬ ዞሩ። ልክ ሲዞሩ አውሮፕላኑ ወደ ግራ አዘነበለ። ትዕግሥት «እምቢ እያለኝ ነው» አለች። ወደ ቀኝ መለሰችው፤ አልመለስ አለ። በግራ ክንፉ እንዳዘነበለ የተጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ወረደ። የመጋዙ ሞተር ትንሽ ጮኸና ዝም አለ።

ትዕግሥት ራዲዮውን እንደያዘች እንባዋ ይወርዳል። እኔ ጋሽ ባዬን ማየት ፈራሁ። ዕድሜ ልካቸውን እንዳያዩት የሸሹትን ነገር አምጥቼ ዓይናቸው ላይ ጣልኩት፤ ከሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም። እርሳቸው ግን ከዘራቸውን ይዘው ወደ ማሳው መራመድ ጀመሩ።

«አንዲት ፍላጭ እንኳ እንዳትቀር» አሉ። «ሁሉንም ልቀሙ።»

በጆንያ ለቀምነው። ሰይድ ጎንበስ እንዳለ ቀስ ብሎ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እጣላው ነበር።

ጋሽ ባዬ ስባሪውን በወርክሾፑ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ እንዲዘረጋ አዘዙ፤ አፍንጫው አፍንጫው ቦታ፣ ጭራው ጭራው ቦታ። ለቀናት ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። ምግብ እንኳ እዚያው ነው የሚመጣላቸው። እያንዳንዱን ቁራጭ ያነሣሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። ሽቦው ደህና ነው። ብሎኑ ጠብቋል። ሞተሩ አልከዳም። በመጨረሻ ከሞላ ጎደል የተረፈውን የግራ ክንፍ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስተኙትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጠሩበት። ጠሩኝ።

ክንፉ ተጠምዝዟል። ጥቂት ነው፤ ዥንጉርጉሩ ቀለም ሸፍኖት በዓይን አይታይም። ሲባጎው ግን አይዋሽም።

«የላዩን መቼ ቀባኸው?» አሉኝ።

«በነሐሴ።»

«የታቹንስ?»

«መስከረም ውስጥ።»

«በመካከሉ የት ነበር?»

እርሳቸው ቤት ነበር። አንድ ፊቱ ተቀብቶ፣ ሌላው ባዶውን፣ በአንድ ጫፉ ግድግዳ ተደግፎ። አጠገቡ ደግሞ ለበሽተኛ ክፍሉ ይሙቅ ተብሎ ቀንና ሌሊት ከሰል ይነድ ነበር። ባዶው ፊት ደረቀና ተሰበሰበ፤ የተቀባው አልተሰበሰበም፤ ክንፉም ተጠመዘዘ። አንድ ፊቱን ብቻ የቀቡት ሳንቃ እንደሚጠማዘዝ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ባዬ አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ።

ሳቁ። ስቀው ስቀው እንባቸው መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ቀርቶ እንባው ብቻ ቀጠለ። ያን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስኖር ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም።

«ምክንያቱን አገኘነው እኮ፣ ይርጋ» አሉኝ። «ወደቀ፤ ለምን እንደወደቀም ይኸው አወቅን። አንተ እኔን ለማስደሰት ነው፤ እኔም ከዓይኔ አላርቀው ብዬ ነው። ይሄ ይታወቃል። ይሄ ሰው ያስተኛል።»

ያን ዕለት ለወይንሸት ደውለው ጥምቀትን አገሬ ልዋል አሏት። እርሷም እያጉረመረመች እሺ አለች።

ሁለተኛውን ክንፍ በበጋ ሠራነው። ደረቅ እንጨት የት ይገኛል ብለን ስንጨነቅ ሰይድ መደብሩን ዘግቶ የግድግዳውን መደርደሪያ መፍታት ጀመረ። አባቱ ያሠሩት የጽድ ሳንቃ ነው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት እንደደረቀ ራሱም አያውቅም። «አባቴ ቢኖር ራሱ ይፈታው ነበር» አለኝ። መደርደሪያ አጥቶ ለረጅም ጊዜ ሚስማርና ማጠፊያ መሬት ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ ደንበኞቹ ይቀልዱበት ነበር። ዛሬም ውለታውን አስባለሁ። ክንፉን በሁለቱም ፊት በአንድ ቀን ቀባሁት፤ ጥላ ውስጥ አግድም ሰቅዬ አደረቅሁት፤ ጠዋትና ማታ ሲባጎ እወጥርበታለሁ። ጋሽ ባዬ «ቤቴ አምጣው» አላሉኝም።

ጋሽ ባዬ አሁን አዲስ አበባ ናቸው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የልጅ ልጆቻቸውን መጫወቻ እየጠገኑ። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። አውሮፕላኑ ወርክሾፑ ጣሪያ ሥር ተሰቅሏል፤ አዲሱ ኃላፊ ለእንግዳ ያሳየዋል። ስለ ሥራ ዘመኔ ስጠየቅ ተመስገን እላለሁ፤ የአፍ ልማድ አይደለም። መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት ጀምሬ እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ወደቅሁ። ብዙ ባለሙያ ጥፋቱን የሚያሳየው ሰው ሳያገኝ ያረጃል። እኔ ጥፋቴን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ሲባጎ ወጥሮ፣ አብሮኝ ያለቀሰ አለቃ አገኘሁ።

ታዲያ ጋሽ ባዬ ከመሄዳቸው በፊት፣ ጥምቀት ያለፈ ሰሞን ወደዚያው ሜዳ ወረድን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የባለፈው ጊዜ ሰዎች ግማሾቹ መጥተዋል፤ እኚያ እናትም መጥተው ፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ባዬ አውሮፕላኑን ዞረው ዞረው ዳሰሱ፣ ነዳጁን አዩ፣ ለትዕግሥት ራሳቸውን ነቀነቁላትና ዞሩ። «ሲመለስ ንገሩኝ» አሉ።

ተነሣ። እኔ ግራ ክንፉን ብቻ ነው የማየው፤ ቀጥ ብሏል። ትዕግሥት ሜዳውን አዞረችው፣ ከፍ አደረገችው፣ በባሕር ዛፎቹ በኩል ራቅ ብሎ ሄደና ድምፁ ቀጠነ። ሕዝቡ እልልታውን አቆይቶታል፤ ባለፈው ጊዜ የተማረው ትምህርት ይመስለኛል። የጋሽ ባዬን ጀርባ አየሁ። ትከሻቸው ወደ ላይ ተሰብስቧል።

ድምፁ እንደገና ወፈረ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እየመጣ ነው።»

ዞሩ። አውሮፕላኑ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ዝቅ እያለ ይመጣል። ትዕግሥት ሞተሩን ቀነሰች። ጎማው መሬት ነካ፣ አንዴ ነጠረ፣ እንደገና ነካና ሣሩ ላይ እየተንከባለለ መጥቶ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ፕሮፔለሩ ጥቂት ዞሮ ቀጥ አለ። ጋሽ ባዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ለረጅም ጊዜ አዩት። ወደ አውሮፕላኑ የሚሄዱ መስሎኝ ክንዳቸውን ልይዝ ስል ወደ ትዕግሥት ዞሩ። ራዲዮውን እንደያዘች የቆመችው ከቆመችበት ነው፤ አንድ እርምጃ አልተነቃነቀችም። ከበረራ የተመለሰ አብራሪ እንደሚቀበል ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት።

ትዕግሥት ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ራዲዮውን መሬት አስቀምጣ በሁለት እጇ እጃቸውን ያዘች፣ ጎንበስ አለች።

«እንኳን ደህና ቆዩኝ፣ ጋሼ» አለቻቸው።